ከሽኝቱ በፊት መነጋገር

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በብዙ ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ልጅ፣ ባል ወይም እኅት ጦርነት ወዳለበት አገር እንዲሄድ ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ቤተሰቡ እስከ ጉዞው ቀን ያለውን ጊዜ እንዴት ያሳልፈው? ላሳምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ቤተሰብን የሚጎዳው ስለ ክፉ ቀን መነጋገሩ ሳይሆን ሁሉም እያሰበው አለመነጋገሩ ነው። መጀመሪያ ፍርሃታችን ከየት እንደመጣ እናያለን። ከዚያ የመጠበቂያው ሳምንታት ሰውን ምን እንደሚያደርጉት፣ ቀጥሎም በወረቀት ስለሚያልቁ ጉዳዮች እናገራለሁ። በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን፣ ለእናት የመንገርን ነገር አነሣለሁ።

በመካከላችን ወታደር ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016፣ አንዳንዴ እየተከፈተ አንዳንዴ እየተዘጋ፣ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ስደተኞች ሳይቀር በቋንቋ ችሎታቸው ይቀበል ነበር። ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ የገባውም ዜግነቱን በአጭር ጊዜ ያገኝ ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ለኮሌጅ ክፍያ ብለውም ሆነ ሙያውን ወደውት ይገባሉ። ብዙዎቹ በሪዘርቭ ወይም በናሽናል ጋርድ ያሉ ናቸው፤ በአዘቦት ቀን ሆስፒታል ወይም መጋዘን ሲሠሩ የምታውቋቸው፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ዩኒፎርም የሚለብሱ። ይህ ለቤተሰቡ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የመደበኛ ወታደር ሚስት በጦር ሰፈር ዙሪያ ባሎቻቸው አብረው የሚሄዱ ጎረቤቶች አሏት። የሪዘርቭ ወታደር እናት ግን በአፓርትማዋ ፎቅ ላይ ይህ ነገር የደረሰባት ብቸኛዋ ሰው ልትሆን ትችላለች። አጠገቧ ያለነው እኛ ነን፤ እኛም «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ወሬ እንለውጣለን።

ለምን ወሬ እንለውጣለን? ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ አፈሳን ይፈራ ነበር። የተወሰደው ልጅ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ የሚጠየቅ ቢሮ አልነበረም። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ የነበረው ጦር ሲሰበር የማን ልጅ እንደሞተ፣ የማን እንደተማረከ፣ የማን ሱዳን እንደገባ ለቤተሰቡ በይፋ የነገረ አልነበረም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ከተበተነም በኋላ ልጃቸው በእግሩ ይመጣል ብለው ለዓመታት በር በሩን ያዩ እናቶች ነበሩ። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ ቬትናም ውስጥ ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ያዩት ይህንኑ ነው። ያልለየለት ማጣት ብለን ልንጠራው እንችላለን፤ ሰውየው በአካል የለም፣ ከቤቱ ሐሳብ ግን አልወጣም፤ ተለቅሶ አይወጣለት፣ ተስፋም አይጣልበት። እኛ ዘንድ «ዘመተ» የሚለው ወሬ ያረፈው በዚህ ትዝታ ላይ ነው። እናት ዛሬ ልጇ ኩዌት ሊሄድ ነው ሲሏት የምትፈራው የኩዌትን ሰፈር አይደለም፤ ልጅ ወስዶ ስለ ልጁ የማይናገረውን ያንን ሠራዊት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍርሃቱን ከሚመለከተው ነገር ጋር ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን ጦርነቶች የተላኩት የአሜሪካ ወታደሮች ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ የሞቱት ወደ 7,000 ናቸው። ይህን የምለው ነገሩን ለማቅለል አይደለም፤ ለሞተበት ቤት ቁጥር ምኑም አይደለም፣ ከተመለሱትም መካከል አካላቸው ወይም መንፈሳቸው የተጎዳ ብዙ ናቸው። «እሱ እኮ ከኋላ ነው የሚሠራው» የሚለውም ማጽናኛ ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም፤ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 በተባለ የድጋፍ ሰፈር ላይ በድሮን የተገደሉት 3 ወታደሮች የሪዘርቭ አባላት ነበሩ። አደጋው እውነት ነው። ግን ልክ ያለው እውነት ነው፤ ልክ ስላለው ነገር ደግሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። የመጠበቂያው ሳምንታት ምን ይመስላሉ? እናት በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን በፕላስቲክ አሽጋ ትደረድራለች። ልጁ ሻንጣው በሠራዊቱ ዕቃ የተሞላ ነውና አይሆንም ይላል። «እንግዲህ ምን ልትበላ ነው?» «እማዬ፣ ምግብ አለ አልኩሽ እኮ።» ነገሩ ከበርበሬ ያልፍና «ድሮም አንተ እኔን ሰምተህ አታውቅም» ላይ ይደርሳል፤ በር ይዘጋል፤ ሁለቱም በየክፍላቸው ያዝናሉ። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ጠቡ ስለ ክሬዲት ካርድ ወይም ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከጓደኞቹ ጋር ስላመሸበት ምሽት ይሆናል።

ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም። ካትሊን ሎጋን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሎቻቸው በባሕር ኃይል መርከብ ለወራት ስለሚሄዱባቸው ሚስቶች በጻፉት ጽሑፍ የመለያየቱን ስሜት በ7 ደረጃ ከፍለውታል። ሁለቱ ደረጃዎች መርከቡ ሳይነሣ የሚያልቁ ናቸው። በመጀመሪያው ሰው ሊያጣ ያለውን አስቀድሞ እያዘነ ይቆጣል፣ ያለቅሳል፤ በሁለተኛው፣ ጉዞው ሲቃረብ፣ ልቡን ቀድሞ ያሸሻል። የሚሄደው ሐሳቡ ከጓዶቹ ጋር ነው፤ የምትቀረው «ከሄድክ አይቀር ሂድና ይለቅልኝ» ብላ ታስብና በሐሳቧ ትደነግጣለች። ሎጋን የጻፉት ስለ አሜሪካውያን ሚስቶች ነው፤ ሁሉም ቤት በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል ማለትም አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ጠቡ ስለ በርበሬ አለመሆኑን ማወቁ ነው። ስለ ዋናው ነገር መነጋገር የተከለከለበት ቤት የሚጣላበት ሌላ ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

ሩበን ሂል የተባሉት የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አባት የዘመተባቸውን የአዮዋ ቤተሰቦች መርምረው ነበር። አንዱ ቤት ሲናጋ ሌላው የሚጸናው ለምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ በመከራው ክብደት ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ቤተሰቡ በእጁ ያለው አቅምና ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም አብረው ይቆጠራሉ። ከዚህ በጣም በቀረበ ጊዜ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ2,700 በላይ የወታደር ቤተሰቦችን በየ4 ወሩ ለ3 ዓመት እየጠየቀ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት አወጣ። ከጉዞው በፊት ተነጋግረው የተዘጋጁ ባለትዳሮች ወታደሩ ከተመለሰ በኋላ በልጆች አስተዳደጋቸው የተሻለ እርካታ እንዳላቸው ተናግረዋል፤ በተለያዩበት ወራት አዘውትረው የተገናኙትም በትዳራቸው እንዲሁ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ ሊያቆመኝ ይችላል፤ የሚዘጋጁት ድሮም የሚስማሙት ቢሆኑስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ጥናቱ ዝግጅት ብቻውን ሰላም ያመጣል ብሎ አያረጋግጥም። ነገር ግን ክርክሩን በተቃራኒው አስቡት። ዝም ያሉት ተጠቅመዋል የሚል ማስረጃ ያመጣልን ማን አለ? ዝምታ እንደሚያጸና ሁላችንም እናምናለን፤ ከመካከላችን የመረመረው ግን የለም።

ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ። ወታደሩ በሠራዊቱ የሕይወት ኢንሹራንስ አለው፤ ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ወታደሩ በቅጹ ላይ ለጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜው ሌላ ቢል፣ ቤተሰቡ ሌላ ቢያውቅ፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። አንድ ሳጅን ሲፋታ የሜይን ፍርድ ቤት ኢንሹራንሱን ለልጆቹ እንዲያቆይ አዞት ነበር። ሌላ አገባና ገንዘቡ በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፈል ብሎ ቅጹን ለወጠ፤ በዚያ ቅደም ተከተል ቀዳሚዋ ሚስት ናት። ሲሞት ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተወሰነው ለአዲሲቱ ሚስት ነው። ልጆቹ በሜይን ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጠበቁ መስሏቸው ነበር። በ19 ዓመቱ ሲገባ የእናቱን ስም ጽፎ፣ በ27 ዓመቱ አግብቶ ወልዶ ቅጹን ያልነካ ስንት ልጅ እንዳለን አስቡ። እናትና ምራት የሚጣሉት ያኔ ነው፤ ሁለቱም አልቅሰው ሳይጨርሱ። የስሙም አጻጻፍ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአንዲት እናት ስም በፓስፖርቷ አንድ፣ በልጇ ቅጽ ሌላ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዞ ይገኛል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚቆጠርበት አገር ደግሞ እናትና ልጅ የሚጋሩት ስም ስለሌለ ዝምድናው ራሱ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

ከዚያ በየቤቱ ያለው የእኛው ጉዳይ ይመጣል፤ የጦሩ ጠበቆች ስለማያውቁት አይጠይቁትም። ዕቁቡን ማን ይጥልለታል፣ ዕጣው ሲወጣስ ማን ይቀበላል? ደሴ ላሉት እናቱ በየወሩ የሚልከውን ማን ይልካል? አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ተከራዩ ቢለቅ ማን ይፈርማል? በጦሩ የሕግ ቢሮ በነፃ የሚሠራለት ውክልና በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተቀባይነት አለው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ፣ እዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ አለበት፤ ይህ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት አይደርስም። የአፓርትማውን ሊዝ በተመለከተ ሕጉ ከወታደሩ ጋር ነው፤ ለ90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚላክ ወታደር ትእዛዙን አሳይቶ ውሉን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ይችላል፤ ወደ አገልግሎት ከመጠራቱ በፊት የተበደረው ብድርም ወለድ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ መጠየቅ ይችላል። ይህን ሳያውቁ ባዶ ቤት ኪራይ የሚከፍሉ አሉ።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ እንምጣ። «ልጄ ቆሞ እየሄደ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ኑዛዜ ማውራት ሟርት ነው። ክፉ በአፍ ይመጣል።» ይህን የሚሉትን አልንቅም፤ አባባሉ የሚጠብቀው ነገር አለው። የሰውን ተስፋ በቃል መስበር ነውር ነው፤ ሊሄድ በተነሣ ሰው ፊት ያለ ፋይዳ ሞት መጥራት ጭካኔ ነው። ነገር ግን የአባቶቻችንን ልማድ ሙሉውን እንየው። ኑዛዜ በእኛ ዘንድ ሟርት ሆኖ አያውቅም። ሰው የንስሐ አባቱን ጠርቶ፣ ያለበትን ዕዳ ተናግሮ፣ ላሙን ለማን፣ ርስቱን ለማን እንደሚተው ምስክር አስቀምጦ ማለፍ የአስተዋይ ሰው ወግ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥቱም ለኑዛዜ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዘመቻ የኑሮው አንድ ክፍል በነበረበት ዘመን ሰው ሳይናዘዝ መሞትን ይፈራ ነበር እንጂ መናዘዝን አይፈራም ነበር። ስንቅ የሚሰናዳው ረኀብን ለመጥራት አይደለም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሟርት የሚባለው ሊቀር የማይችል ክፉን መተንበይ ነው፤ «ከተጎዳህ ማን ይደወልለት?» ብሎ መጠየቅ ትንቢት የለበትም።

«ሂያጁን ያዳክመዋል፤ ልቡ ሙሉ ሆኖ ይሂድ» የሚሉም አሉ። እኔ የማምነው በተቃራኒው ነው። ወታደሩ ስለ አደጋው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሥልጠናው ስለዚያ ነው። የማያውቀው እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ምን እንደሚሆን ነው። እናቱ «ስለኔ አታስብ» ስትለው አያምናትም፤ «መድኃኒቴን ከፋርማሲ እገሌ ያመጣልኛል፣ ኪራዩን ከዚህ ሒሳብ ይቆርጣሉ» ስትለው ግን ያምናታል። ጦርነቱን የሚቃወሙ ቤተሰቦች ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፤ መርዳቴ መደገፍ አይሆንም ወይ ይላሉ። አይሆንም። ጦርነቱን የወሰነው ልጁ አይደለም፤ ተቃውሞአችሁን ለኮንግረስ አባላችሁ ጻፉ፣ ሰልፍ ውጡ፤ የምሽቱን ራት ግን የክርክር መድረክ አታድርጉት፣ የቀሩት ራቶች ጥቂት ናቸውና።

በመጨረሻ ወደ እናት ልምጣ። «ደም ግፊት አለባቸው፤ ለትምህርት ሄደ እንበላቸው።» ይህን ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ችግሩ አለመሥራቱ ነው። ውሸቱን እኅት፣ አክስት፣ የክርስትና ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ ለወራት ሊጠብቀው ነው፤ አንዱ በስልክ «እንዴት ነው ልጅዎ እዚያ በረሃ?» ካለ በቂ ነው። የሽኝቱን ድግስ ቲክቶክ ላይ የሚያወጣም አይጠፋም፤ የመነሻ ቀንና ቦታ በአደባባይ መውጣቱ ለወታደሩም አደጋ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ልናገር። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት ከዚያ በኋላ ደኅና ነው ሲሏትም አታምንም። ጥያቄው ይነገር አይነገር ሳይሆን እንዴት ይነገር የሚለው ነው፤ በዚህ ረገድ ሌላ ሕዝብ ሊያስተምረን አይችልም። መርዶ የምንነግርበትን ሥርዓት አስቡት። በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፤ የሚከበር ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይታሰባል፣ ተናጋሪዎቹ ነግረው አይሄዱም። ይህን ጥበብ ለሞት ብቻ ለምን እናስቀምጠዋለን? ልጁ ራሱ፣ እሳቸው የሚሰሙት ሰው አብሮት ተቀምጦ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በስንት ወር እንደሚመለስ ይንገራቸው። እናቲቱ አገር ቤት ከሆኑም እዚያ ያለ ዘመድ ቤታቸው ሄዶ አጠገባቸው ሳይቀመጥ ስልኩ አይደወል።

ከዚያ ጋር ዝምታውም አስቀድሞ ይነገራቸው። ከሚሄድበት ስልክ የሚጠፋበት ቀን ይኖራል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲጎዳ፣ የሟቹ ቤተሰብ በይፋ እስኪረዳ ድረስ የሰፈሩን ስልክና ኢንተርኔት መዝጋት የተለመደ ነው። ስለዚህ ድምፁ ጠፋ ማለት እሱ ነው ማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ቤተሰብ ገና አልተረዳም ማለት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጦር ሞትን በስልክ አይናገርም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከጦሩ ቄስ ጋር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ስልክ የሚደወለው ለመቁሰል ነው። በፌስቡክ የሚመጣው ወሬ ከሁለቱም አይደለም። ችግሩ ከእናቲቱ ወገን ሲሆን፣ እሳቸው ቢታመሙ ወይም ዘመድ ቢሞት፣ መልእክቱ በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል ተጣርቶ ለአለቃው ይደርሳል። የወታደሩን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የክፍሉን መጠሪያ በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያሳደገችው አክስት ከሆነችም እንደ እናት ያሳደገችው መሆኗ አስቀድሞ ይገለጽ፤ አክስት በደንቡ የቅርብ ቤተሰብ አይደለችምና።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ወታደሩ ከመሄዱ በፊት የሚያድሰው የአደጋ ጊዜ መረጃ ቅጽ አለ፤ የትዳር ጓደኛው፣ የልጆቹና የወላጆቹ ስምና አድራሻ የሚጻፍበት ነው። በዚያ ቅጽ ላይ ብዙ ሰው ባዶውን የሚያልፈው አንድ መስመር ይገኛል። በጤና ምክንያት በቀጥታ እንዳይነገረው የሚፈለግ ሰው ካለ ስሙ ይጻፋል፤ ቀጥሎም በእሱ ምትክ የሚነገረው ሰው ስም። ደም ግፊት ያለባቸው፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ደጃቸው ላይ ሁለት የማያውቋቸው ወታደሮች ቆመው እንዳያገኟቸው የሚደረገው በዚህች መስመር ነው። የሚጻፈው ሰው የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ የንስሐ አባት ወይም ታላቅ እኅት ሊሆን ይችላል። እሽ ይል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እሽ ካለም ስልክ ቁጥሩ ሲቀየር ለልጁ ያሳውቅ፤ ወታደሮቹም ምሽት ላይ ወደ እሱ ከመጡ የእናቲቱን ቤት ከማንኳኳቱ በፊት ማንን ቀስቅሶ ይዞ እንደሚሄድ ከአሁኑ ይወቅ።